ባልዲ ውስጥ የተገኘው ላፕቶፕ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ብቸና በቆሻሻ ጭስ ታፍና ነው ያረፈደችው። እንደ ልማዱ ሰው በየደጁ የከመረውን ጉድፍ በማለዳ ለኩሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ንግሥ ሄዷል። ፀሐይነሽም ከንግሡ መልስ በቀጥታ ወደ ሱቋ መጣችና አምስት ሰዓት ላይ በሩን ከፈተች። የወለል መወልወያው ባልዲ ጠረጴዛዋ ላይ ጉብ ብሏል። ጠጋ ብላ ብታይ፣ በቆሸሸው ውሃ ውስጥ ላፕቶፕዋ እንደ ካልሲ ተዘፍዝፏል።

«ኡኡ! ጉዴ ፈላ! የሰው ያለህ!»

ኢንስፔክተር ምንይሉ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቁን ሞልቶት ነበር። ምንይሉ አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጫማው አቧራ የማይነካው፣ ሚስት ያላገባ መርማሪ ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ይህን የሚጠላውም ሰው አይክደውም። ሰዉን አስወጣ፣ ረዳቱን ሳጅን ባየን ደጁን እንዲያይ ላከና ለፀሐይነሽ ወንበር ሳበላት።

«በይ ተረጋጊ። ምን ተሰረቀ?»

«ቢሰረቅማ በምን ዕድሌ!» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አራት ወር ሙሉ የለፋሁበት ነው ድምጥማጡ የጠፋው። የጤፍ አምራቾች ዩኒየን ዌብሳይት።»

ምንይሉ በኮምፒውተር የሚያውቀው ነገር ቢኖር የምርመራ ቃል መተየብ ብቻ ነው። «ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አላት።

አስረዳችው። ዩኒየኑ ጤፉን ለሩቅ ገዢ የሚያስተዋውቅበት ዌብሳይት ፈልጎ፣ እሷና አንድ የሞጣ ሰው ሠርተው እንዲወዳደሩ ጠርቷቸዋል። ትናንት ሁለቱም ሥራቸውን ለኮሚቴው አሳይተዋል፤ ውሳኔው ኅዳር ዐሥራ አምስት ነው። ያሸነፈ የሦስት ዓመት ሥራ ያገኛል። ዌብሳይቱ የሚቀመጠው ውጭ አገር ባለ የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አንድ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ባለች ትንሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። አሁን የኪራዩ ቦታ ባዶ ነው፣ ላፕቶፑ ውሃ ጠጥቷል፣ ዲስኳም መሳቢያው ውስጥ የለችም።

«ያጠፋው ሰው ሦስቱም የት የት እንዳሉ ያውቃል ማለት ነዋ።»

«ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ማንም ቅጂውን ሦስት ቦታ ነው የሚያኖረው።»

በዚህ መሐል ባየ ከውጭ ተጣራ። «አለቃ፣ እስቲ ይምጡና ይዩ!»

ከሱቁ ፊት ለፊት ጠዋት የተቃጠለው የቆሻሻ ክምር አመድ ሆኖ ተኝቷል። አመዱ አናት ላይ ሃርድ ዲስኳ አለች። በአንድ በኩል ቀልጣለች፤ በሌላው በኩል የፋብሪካ ጽሑፏ እንኳ ይነበባል።

«ሌሊት ተጥላ ቢሆን ከሥር ሆና ድራሿ ይጠፋ ነበር» አለ ባየ፣ በእንጨት እየነካካት። «ይህቺ እሳቱ ከበረደ በኋላ የተጣለች ነው የምትመስለው።»

«እሳቱን ሲቆሰቁሱ ገልብጠዋት ይሆናል» አለ ምንይሉ። «መዝግባት።»

ወደ ውስጥ ተመለሰ። በሩ አልተሰበረም። በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ግን ምስማር ያለው ሰው ሁሉ የሚከፍተው ዓይነት ርካሽ ዕቃ ነው።

«ቁልፉ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔና ማርያማዊት ጋ። አብራኝ ነው የምትሠራው። እሷ ግን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ግንደወይን ናት፤ አክስቷ የሚካኤል ዝክር አላቸው።»

«የሚጠላሽ ሰው አለ?»

«የሚጠላኝስ የለም።» ትንሽ አሰበች። «የቀናብኝ ግን አለ። የሞጣው ሰውዬ ትናንት ዓይኑን ከላፕቶፔ ላይ መንቀል አቃተው። ‹እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖረኝ አንቺን አልፈራሽም ነበር› አለኝ በሰው ፊት።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ዓለምነህ። ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ነው የሚሠራው።»

ምንይሉ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ።

ይህን ስም ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ያኔ ሃና የምትባል ፋርማሲስት ብቸና ተመድባ ነበር። ምንይሉ ራሱን ሳያመው ስንት የራስ ምታት ክኒን እንደገዛ እግዜር ይወቀው! በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሃና አሰበችበትና «ይቅርብኝ» አለች፤ ምክንያት አልሰጠችም። ዓመት ሳይሞላ የፋርማሲውን ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣው ዓለምነህ አግብቷት ሞጣ ይዟት ሄደ። ምንይሉ በሰው ፊት «እግዜር ያክብራቸው» አለ፤ ቤቱ ሲገባ ግን አንጀቱ እርር ድብን አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳረረ ነው።

«ዓለምነህ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም አሰመረበት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጥለት ጀመር። ዓለምነህ ያደረበት ሆቴል ዘበኛ፣ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ነው ያወሩት።

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩን ክፈቱልኝ አለኝ። ስልኩንና ያችን ኮምፒውተሩን ይዟል። ሲመለስ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ለሞጣው አውቶቡስ ወጣ።»

«የት ሄድክ አላሉትም?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ልጄ! ጎልማሳ ሰው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ማርያማዊትን ሱቁ ውስጥ አገኛት፤ የፈሰሰውን ውሃ በጨርቅ ትጠርጋለች። ዓይኗ አብጧል። ግንደወይን አክስቷ ቤት ማደሯን፣ አምስት ሰዓት ላይ ብቸና ስትደርስ ወሬውን መስማቷን ነገረችው። ምንይሉ እዚያው ሆኖ ግንደወይን ደወለ። አክስትየው ብቻ አይደሉም፤ ዝክሩ ላይ የነበሩት ቄስ ሳይቀሩ ማርያማዊት እዚያ ለማደሯ መሰከሩ።

«ያ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ላፕቶፑን ስንገዛ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ የዞርነው ሁለታችን ነን። ሻጩ በቀለሙና በስሙ ሊያታልለን ነበር። ‹ፎቶና ቪዲዮ የማያንቀው ይሁን፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው የሚቆይ ይሁን፣ ለስሙ አንከፍልም› ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ላፕቶፑ ለሷ ሆነ። ለእኔ ይኸ ደረሰኝ።»

«አልከፋሽም?»

«ምን ይከፋኛል? እህቴ ማለት እኮ ናት።»

እንደ ድሮው ምንይሉ ቢሆን እዚህች ጋ ቆም ይል ነበር። ነገር ግን ልቡ ቀድሞት ሞጣ ገብቷል።

በማግስቱ ከዞን የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። የዴስክቶፑን መዝገብ በፍላሽ ገልብጦ ጣቢያው ድረስ አመጣና፣ ማርያማዊትና ፀሐይነሽ ለቃል በተጠሩበት ክፍል አትሞ አነበበው።

«ዌብሳይቱ የጠፋው በዚህ ዴስክቶፕ ነው። ፓስዎርዱን ስለሚያስታውሰው ማንም ቢቀመጥበት ይከፍትለታል። ‹አጥፋ› የሚለው የተነካው 3:20 ኤ.ኤም ላይ ነው።»

«በእኛ ስንት መሆኑ ነው?» አለ ምንይሉ።

«ኮምፒውተር የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ! አባ ገብረ ሚካኤል በሩን ለዓለምነህ ከከፈቱለት በኋላ፣ ተመልሶ ሳይገባ። ምንይሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ማርያማዊት አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ነበር። ድንጋጤ ነው ብሎ አለፋት።

ሞጣ ሲደርሱ ዓለምነህ ሱቁ ውስጥ ነበር። ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ሆዱ የወጣ ሰው ነው። ‹እንዲህ ያለውን ነው እንዴ በእኔ የመረጠችው!› አለ ምንይሉ በሆዱ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ባየው ቁጥር እንደሚለው። የሆነውን ነገረውና ጠየቀው።

«ለሚካኤል አጥቢያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል፤ ይፈጥናልም። ኮሚቴው ‹ፎቶዎቹ ይቅለሉ› ስላለኝ አሳንሼ ልጭናቸው ነበር። የስልክ ምሰሶው ሥር ተቀምጬ ጫንኩ።»

«ማን አየህ?»

«ውሻ።»

«ዓይንህ ላፕቶፕዋ ላይ ቀርቶ ነበር ይባላል።»

«ታዲያ ውሸት ነው?» ዓለምነህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ማሽኑን በመዳፉ መታ አደረገው። «ቀናሁባት! ይኸ እኮ አንድ ፎቶ እስኪከፍት ዳዊት ይደገማል። ጉልበት ስለሌለኝ ሌላ ዘዴ መረጥኩ። ዌብሳይቴን ቀለል አድርጌ ሠራሁት፤ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክም፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይከፈታል። የሷ ያምራል፣ የኔ ይፈጥናል። እሷን ማሸነፍ የምፈልገው በኮሚቴው ፊት ነው እንጂ ባልዲ ውስጥ ነው እንዴ?»

ሃና ከጎረቤት ሰምታ እየሮጠች መጣች። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም። ምንይሉ ካያት ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ምንይሉ፣ ምን ሆነሃል? ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ እኮ ቤቱ ነበር። ቁርስ አብረን በላን። ልጃችንን ታቅፎ ነው ንግሥ የሄድነው፣ ሞጣ ያየው ነው!»

«የጠዋቱን ማን ጠየቀሽ? እኔ የምጠይቀው የሌሊቱን ነው።»

ሃና ትክ ብላ አየችው። «እውነት አምነህበት ነው የምታስረው?»

«ሕግ ነው» አላት።

ካቴናው የዓለምነህ እጅ ላይ ቀጭ ሲል ደስ አለው። ደስ አለው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ከሞጣ እስከ ብቸና በመኪናው መስኮት እያየ መጣ፤ መንገዱ እንዲያ አጭር ሆኖበት አያውቅም።

ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን ምንይሉ ዴስክቶፑን በኤግዚቢትነት ሊያነሳ ወደ ሱቁ ብቻውን ሄደ። ፀሐይነሽ ቁልፉን ሰጥታው ገበያ ወጥታለች። ኮምፒውተሩን ከመንቀሉ በፊት በሥርዓት ልዝጋው ብሎ አበራው። የስክሪኑን ጥግ አየ፤ 4:35 ይላል። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ልክ ነው ብሎ እጁን ወደ ሶኬቱ ዘረጋ።

እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

የእጅ ሰዓቱ የሐበሻ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ፈረንጅ የሚቆጥር ቢሆን ኖሮ አሁን ዐሥር ከሠላሳ አምስት ማለት ነበረበት። የዚህን ዴስክቶፕ ሰዓት አንድ ሰው በእጁ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ በአገሩ አቆጣጠር ሞልቶታል። ባለሙያው ደግሞ መዝገቡን ጣቢያ ወስዶ በሌላ ማሽን ስላነበበው ይህችን ጥግ አላያትም።

ምንይሉ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እንግዲያው 3:20 ማለት የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ሰው ሁሉ ንግሥ ላይ እያለ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ዲስኳ አመዱ አናት ላይ የተገኘችው ለዚህ ነው፤ ባየ ልክ ነበር። በዚያ ሰዓት ዓለምነህ ሞጣ ልጁን ታቅፎ ቆሟል። ሌሊቱን ግንደወይን ያደረችው ማርያማዊት ግን ጠዋት የት ነበረች? አንድም ሰው አልጠየቃትም። ያልጠየቃት ደግሞ እሱ ነው።

አሁኑኑ ሮጦ ጣቢያ መሄድ፣ ሰውየውን መፍታት ነበረበት። አልሄደም። ያቺ «እውነት አምነህበት ነው?» ያለችው ሃና ፊቱ ላይ ድቅን አለች። ከፈታው ባሏ አሸናፊ ሆኖ ይመለሳል፤ እሷም አቅፋ ትቀበለዋለች። አንድ ቀን ቢያድር ምን ይሆናል? አንድ ቀን!

ሶኬቱን ነቀለ። ዴስክቶፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣቢያ ወስዶ ቆለፈበት። ለባየ እንኳ አልነገረውም። አይ ቅናት! ሰው ሥራውን እያወቀ ያላዋቂ ሥራ ያሠራዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዩኒየኑ ሊቀ መንበር አቶ አካለ ወልድ ከዘራቸውን ይዘው ጣቢያ መጡ። ምንይሉ ተነሥቶ ተቀበላቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ መወሰናችን ነው። የፀሐይነሽ ሥራ እንደ ጉም በኗል፤ የሚታይ ነገር የላትም። የዓለምነህ ግን አለ፣ ወደነዋልም። እኔ ራሴ በዚች ስልኬ ከፍቼዋለሁ። ንጹሕ ሰው ከሆነ ሥራው የሱ ነው። አንድ ቃል ብቻ ንገረን።»

ቃሉ ምንይሉ አፍ ውስጥ ነበረ። ምላሱ ላይ ደርሷል። ዋጠው።

«ምርመራው አላለቀም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው የታሰረ ሰው መርጠን ገበሬውን ምን እንለዋለን?» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን እናድርግ፣ ከአዲስ አበባ የጠየቀን ድርጅት አለ፤ ለሱ እንስጣ።»

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወሬው መጣ። ሥራው አዲስ አበባ ሄዷል። ባየ ለዓለምነህ ነግሮት ተመለሰ፣ እጁ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ይዟል።

«ምን አለ?» አለ ምንይሉ።

«‹እስክሪብቶ አለህ?› አለኝ። ይህን ለፀሐይነሽ ስጥልኝ ብሎ ጻፈ።»

ምንይሉ ገልጦ አነበበው። «እህቴ፣ የጠፉ ዌብሳይቶችን አሮጌ ገጽ የሚያስቀምጡ አሉ፤ አድራሻቸውን ከታች ጽፌልሻለሁ። ሁሉም ባይገኝ ጽሑፉና ግማሹ ፎቶ አይጠፋም። የዌብሳይትሽን ስም አስገብተሽ ፈልጊ። ሲቆይ እየተተካ ይጠፋልና ዛሬውኑ እይው። እኔ እንዳልነካሁብሽ ጊዜ ያሳይሻል።»

እውነቱን ለመናገር ምንይሉ በመጀመሪያ ያደረገው በዚህችም መቅናት ነው። ይኸ ሆዱ የወጣ ሰውዬ፣ እስር ቤት ተቀምጦ፣ እንጀራው ተነጥቆ፣ የተወዳዳሪውን ሥራ ያድናል! ቀጥሎ ግን ቅናቱ ሐፍረት ሆነና ፊቱን አቃጠለው። ሃና ለምን እንደመረጠችው ሊገባው ነው መሰለኝ።

«ባየ!» አለ። «ወረቀቱን አሁኑኑ አድርስላት። ከዚያ የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ከግንደወይን የመጣውን ሚኒባስ ሾፌር ፈልገህ አምጣልኝ።»

ሾፌሩ ማርያማዊትን በደንብ ያውቃታል። «ገበያው ማዕዘን ላይ ነው ያወረድኳት። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነበርኩ» አለ። እሷ ደግሞ ደረስኩ ያለችው አምስት ሰዓት ነው።

ምንይሉና ባየ ቤቷ ሲሄዱ ማርያማዊት በረንዳ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ሲያየው ስልኩ ላይ ምንም የተከፈተ የለም።

«የዴስክቶፑን ሰዓት የሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት መደመር መቀነስ ሰልችቶኝ።»

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«ያውቁት የለ እንዴ?» ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ለማጥፋት አስቤ አልመጣሁም፤ እመብርሃንን! ለሥራ ነው ቀድሜ የመጣሁት። ከፈትኩት። ‹ስለ እኛ› የሚለውን ገጽ አየሁት። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለበት፣ የሷ። ያንን ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነኝ! ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ጤፍ ብሎ ሲፈልግ ከላይ እንዲመጣ ቃላቱን አንድ በአንድ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በዋዜማው ኮሚቴው ‹ማን ሠራው?› ሲል ግን፣ አጠገቧ ቆሜ፣ ‹እኔ› አለች። ‹እኛ› ብትል ምን ነበረበት?»

«ስለዚህ አጠፋሽው።»

«ጣቴ ነካው። ከነካው በኋላ ደግሞ ላፕቶፑ ቅጂ እንዳለው ትዝ አለኝ። እሱንም፣ ዲስኳንም… አንዲት ቀን እንኳ እንደኔ ባዶ እጇን ሆና ላያት ፈለግሁ። ቀናሁ። ሌላ ምን ልበልዎት?»

«ሰው ታሰረ እኮ!»

«ባለሙያው ‹ዘጠኝ ሰዓት ከሌሊቱ› ሲል ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ስህተቱን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል…» ቀና ብላ አየችው። «ዝም አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር?»

ባየ በቁጣ «የምን ጥያቄ ነው!» አላት። ምንይሉ ግን አልተቆጣም። ሲጽፍበት የነበረውን ደብተር አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ጣቢያ ተመልሶ የምርመራውን ማጠቃለያ በራሱ እጅ ጻፈ። የዴስክቶፑን ሰዓት ያወቀው ኅዳር ዐሥራ አራት፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ መሆኑንና ሳይናገር ማደሩንም ጻፈ። ባየ ከትከሻው በላይ ሆኖ አነበበውና «አለቃ፣ ይህቺን መስመር ማንም አላየብዎትም፤ ይተዋት» አለው። አልተዋትም፤ ፈርሞባት ለአዛዡ ላከው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዓለምነህ ተፈታ። ሃና ከሞጣ ስንቅ ይዛ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ባሏን አቀፈችው፤ ልክ ምንይሉ እንደፈራው ነው ያቀፈችው። ዓለምነህ ቀበቶውን እያሰረ ወደ ምንይሉ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ስላወጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራው ቢያመልጠኝም ስሜ ተርፏል።»

እዚህ ላይ «ምንም አይደል» ብሎ መመለስ ይችል ነበር። መዝገቡን አዛዡ እንጂ እነሱ አያነቡትም። ሃና ለመጀመሪያ ጊዜ በደግ ዓይን እያየችው ነው፤ ይህችን ዓይን ስድስት ዓመት ጠብቋታል።

«አታመስግነኝ» አለ። «ንጹሕ መሆንህን ያወቅኩት ትናንት ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ዓለምነህ አልገባውም። ሃና ግን ገባት።

«ሽማግሌው ሲወጡ የጠየቁህን ነግረውኛል። ዛሬ ጠዋት ሲመጡ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«‹አንድ ቃል ንገረን› ሲሉህ?»

«አውቅ ነበር፣ ሃና። ባልሽ ስለሆነ ነው።»

ትጮኽብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። የስንቁን ዘንቢል ከመሬት አነሳች፤ የባሏን ክንድ ያዘች።

«እናቴ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች» አለችው ድምጿን ሳታነሳ። «‹ያን የመሰለ ሰው ምን አጠፋ ብለሽ ነው እምቢ ያልሽው?› ትለኛለች። እኔም ለራሴ ሳላውቀው የምመልስላት አጥቼ ስድስት ዓመት ዝም አልኳት።»

ወደ መናኸሪያው ዞረች።

«ዛሬ ቤት ስገባ እነግራታለሁ።»